ስለ ፈጣን መንገዱ የፍጥነት ገደብ ለጠየቁት ወንድማችን፦ አቤቱታው ከመጻፉ በፊት

«ለአዲስ አበባ–አዳማ መስመር ሚኒባስ ገዝቼ ካሰማራሁ ሁለት ወር አልሞላኝም፤ ሾፌሬ ግን ለፍጥነት ሦስት ጊዜ ተቀጥቷል። በማኅበር ሆነን በፈጣን መንገዱ ላይ ያለው ገደብ ከፍ እንዲል አቤቱታ ልናስገባ ነውና ምን ብለን እንጻፍ?» ሲሉ የጠየቁትን አነበብሁ። ከሥሩ የተሰጡት መልሶች አብዛኞቹ መንገዱ ሰፊ ነው፣ መኪናው ይችላል፣ ችግሩ ትራፊኩ ነው የሚሉ ናቸው። እኔ መንገዱ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በዚሁ መስመር መኪና አሰማርቻለሁ፤ ከዚያ በፊትም በአሮጌው መንገድ በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል ራሴ ስነዳ ኖሬያለሁ። እርስዎ ሊጽፉት ያሰቡትን አቤቱታም በእጄ ጽፌ፣ አሥራ ሰባት ባለንብረቶችን አስፈርሜ አስገብቼ ነበር። ዛሬ የማፍርበት ወረቀት ቢኖር እርሱ ስለሆነ፣ እርስዎ እንዳይደግሙት በማሰብ የማውቀውን በቁጥር ከፋፍዬ ልጻፍልዎ።

አንደኛ፣ ገደቡ ከፍ ይበል ብላችሁ አትጻፉ፤ ሒሳቡ አያዋጣችሁም። ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ ያለውን ክፍል 80 ኪሎ ሜትር ብንለው፣ በ100 የሚነዳ ሰው በ48 ደቂቃ፣ በ120 የሚነዳ ደግሞ በ40 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ትርፉ ስምንት ደቂቃ ነው። ሾፌርዎ በቀን ሦስት ደርሶ መልስ ቢሠራ በስድስቱ ጉዞ የሚያተርፈው 48 ደቂቃ ሲሆን፣ አራተኛው ቢያጆ (ደርሶ መልስ) ግን የከተማውን መጨናነቅና የመናኸሪያውን ወረፋ ሳንጨምር በፈጣን መንገዱ ላይ ብቻ በ120 እንኳ 80 ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ አራተኛዋን ቢያጆ በ120 አያገኟትም፤ የምትገኘው ከ120 በላይ ሲነዳ፣ ምሳ ሲዘለልና ቃሊቲ ላይ ተራ አስከባሪው «ሲታይ» ነው። በአንጻሩ ከ100 ወደ 120 ሲወጣ መኪናው ተሸክሞት የሚሄደው የግጭት ኃይል በ44 ከመቶ ይጨምራል፤ ሾፌሩ አደጋ አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያዞር ባለችው አንድ ሰከንድም መኪናው 28 ሜትር መሄዱ ቀርቶ 33 ሜትር ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት በአንድ ከመቶ በጨመረ ቁጥር ሰው የሚሞትበት አደጋ በአራት ከመቶ ገደማ ይጨምራል ይላል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ አቤቱታችሁን ሲያነብ ምን እንደሚል አስቡት።

ሁለተኛ፣ «ሁሉም በዚህ ፍጥነት ነው የሚነዳው፤ ስለዚህ ገደቡ እውነታውን ይከተል» የሚለውን መከራከሪያ ተውት። እኔ የጻፍሁት ይህንኑ ነበር፤ ያስተማረኝም በውጭ አገር ምሕንድስና የተማረ የአክስቴ ልጅ ነው። በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ዘዴ አለ፦ ባልተጨናነቀ መንገድ ላይ የሚያልፉትን ተሽከርካሪዎች ፍጥነት ይለኩና ከመቶው 85ቱ የማያልፉትን ፍጥነት ገደብ ያደርጉታል። ሐሳቡ አብዛኛው ሾፌር አስተዋይ ነው፣ ራሱ የሚመጥነውን ፍጥነት ይመርጣል የሚል ነው። በወረቀት ላይ ያምራል። በእኛ መስመር ግን ፍጥነቱን የሚመርጠው ሾፌሩ አይደለም። የሚመርጠው ገቢው፣ ማለትም በየቀኑ ለባለንብረቱ እንዲያስገባ የተቆረጠበት ገንዘብ ነው፤ ገቢውን የቆረጥነው ደግሞ እኔና እርስዎ ነን። ስለዚህ በሞጆና በአዳማ መካከል ቆሞ የሚኒባሶችን ፍጥነት የሚለካ ባለሙያ የሚለካው የሾፌሮችን አስተዋይነት ሳይሆን ባለንብረቱ ማታ ማታ የሚቀበለውን ገንዘብ ነው።

ሦስተኛውን ከመጻፌ በፊት ይህን እንዴት እንዳወቅሁት መናገር አለብኝ። መኪናዬን የገዛሁት በእቁብና በባንክ ብድር ነበር። እርስዎም ያው ይመስሉኛል፤ አለዚያ በሁለት ወር ውስጥ ስለ አቤቱታ ማሰብ ባልጀመሩ። ወርኃዊ ክፍያው ስላስጨነቀኝ የሾፌሩን የቀን ገቢ በሦስት ቢያጆ ሳይሆን በአራት ቢያጆ ልክ ቆረጥሁ፤ ከዚያ የተረፈው የእርሱና የረዳቱ ነበር። በፍጥነት ንዳ ብዬው አላውቅም፤ እንዲያውም ጠዋት ጠዋት «ቀስ በል» እለው ነበር፣ ለወጉ። የኋላ ጎማዎቹ መቀየር እንደነበረባቸው ነግሮኝ «ለወሩ መጨረሻ» ያልሁትም እኔ ነኝ። በጥቅምት ወር አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሞጆ አካባቢ የቀኝ የኋላ ጎማው ፈነዳ፤ መኪናው የመንገዱን ዳር ብረት ጠርቦ ተገለበጠ። እግዚአብሔር ይመስገን የሞተ አልነበረም፤ የሾፌሩ እግር ተሰበረ፣ ሁለት መንገደኞችም ተጎዱ።

ቦታው ስደርስ የሾፌሩ ጫማ አስፋልቱ ላይ ነበር፤ የአንዱ እግር ብቻ።

ከዚያ የሆነውን ልብ ይበሉልኝ። በፈጣን መንገዱ መግቢያ ላይ የሚሰጠው ካርድ የተሠራው ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው፤ ማን የት ገብቶ የት እንደወጣ ለማወቅ። ለእኛ ግን ምስክር ሆነብን። የገባበት ሰዓት 10፡12 ነበር፤ የአደጋው ጥሪ የተመዘገበው 10፡36 ላይ ነው፤ በመካከሉ የሄደው 52 ኪሎ ሜትር። በ24 ደቂቃ 52 ኪሎ ሜትር ማለት 130 ማለት ነው፤ ሰው ደንግጦ፣ ስልክ ፈልጎ እስኪደውል ያለፈው ጊዜ ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም በላይ። በዚያው ቀን በጉዞው ላይ ራዳር የያዘ ትራፊክ አንድ ድልድይ ሥር እንደነበረ ረዳቱ ነግሮኛል፤ እዚያ ሲደርሱ ከፊት ያለው መኪና መብራት ብልጭ አድርጎላቸው በሰላማዊ ፍጥነት አልፈውታል፣ ሰላምታም ሰጥተውታል። ከድልድዩ ሥር ያለው ራዳር ያላየውን ካርዱ አየው።

ሦስተኛው ምክሬም ከዚህ የሚወጣ ነው፤ አቤቱታ ከጻፋችሁ ቁጥጥሩ ከአንድ ነጥብ ወደ ሁለት ነጥብ ይቀየር ብላችሁ ጻፉ። ጣሊያኖች ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውራ ጎዳናዎቻቸው ላይ በሁለት ቦታ ካሜራ ተክለው፣ በመካከሉ የፈጀውን ጊዜ በማስላት አማካይ ፍጥነቱን ይቀጣሉ። እኛ ዘንድ መግቢያና መውጫው አጥር ያለው፣ ሰዓቱም የሚመዘገብበት መንገድ ተሠርቶ ሳለ፣ ፖሊስን በጠራራ ፀሐይ ከድልድይ ሥር ማቆም ለእርሱም ግፍ ነው። ይህ ለሾፌሩም ፍትሐዊ ነው፦ ከባድ መኪና ለመቅደም ለአሥር ሰከንድ ነዳጅ የረገጠው ይማራል፤ ሰማንያውን ኪሎ ሜትር ሙሉ የበረረው ግን አያመልጥም። ክርክርም የለውም፤ «ራዳሩ የሌላ መኪና ነው ያነበበው» ማለት አይቻልም። ሾፌሮች ዳር ቆመው ቡና እየጠጡ ሰዓት ይገድላሉ የሚል ቢመጣ፣ ይግደሉ፤ ያን ጊዜ መሮጡ ትርጉም አጣ ማለት ነው።

የገደቡ አወሳሰን ላይ ከገባን ደግሞ ዋናው ጥያቄ «መኪናው ስንት ይችላል?» ሳይሆን «መንገዱ ላይ ማን አለ?» ነው። የስዊድን ፓርላማ በ1997 እ.ኤ.አ. በመንገድ ላይ ማንም መሞት የለበትም የሚለውን መርህ ሲያጸድቅ ተከትሎት የመጣው አካሄድ ይህ ነው፦ እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት 30፣ መኪና ከጎን ሊገጭ በሚችልበት መስቀለኛ 50፣ ፊት ለፊት መጋጨት በሚቻልበት 70፣ ከዚያ በላይ የሚፈቀደው ሁለቱ አቅጣጫ በአካል በተለየበት ብቻ። ይህን ይዘው በአሮጌው መንገድ ከሞጆ እስከ አዳማ አንድ ቀን ይንዱ። የጅቡቲ ከባድ መኪና ከፊት ይመጣል፣ ባጃጅ ከጎን ይገባል፣ ተማሪ ይሻገራል፤ በዚያ ላይ ከተማ መግባትዎን የሚነግርዎ ታፔላ በጭነት መኪና ተገጭቶ ወድቋል። ያንን መንገድ በስዊድኖቹ ሚዛን ብንመዝነው አብዛኛው ከ50 አያልፍም ነበር። ፈጣን መንገዱ በተቃራኒው በመሐሉ የተከፈለ፣ በአንድ አቅጣጫ ሦስት ሦስት መስመር ያለው ነውና 100 ሊሸከም ይችላል፤ ነገር ግን አጥሩ ሙሉ በሆነበት ብቻ ነው። አጥሩ የተቆረጠበትን ቦታ እኔ አውቃለሁ፣ ሾፌርዎም ያውቃል፤ ገበሬው ማሳው ለሁለት ስለተከፈለበት በድልድይ ዞሮ ከመሄድ በሬዎቹን በዚያ ያሳልፋል። እስኪጠገን ድረስ በዚያ ቦታ ገደቡ መውረድ አለበት፤ ለገበሬውም ቅርብ መሻገሪያ ሊሠራለት ይገባል።

ነፋሱንም አትርሱ። ወደ አዳማ ሲቀርቡ በኮረብታው ላይ የቆሙትን ተርባይኖች ያዩአቸዋል፤ ነፋሱ ታምኖበት በሁለት ዙር 51 እና 153 ሜጋ ዋት ተተክሎበታል። የፍጥነት ታፔላው ግን ነፋስ መኖሩን አልሰማም፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ባዶ ሚኒባስ ከጎን ሲመታ መሪው ከእጅ እንዴት እንደሚሄድ የነዳ ያውቃል። በነፋስና በዝናብ ቀን የሚቀንስ ገደብ መጠየቅ የባለንብረት ማኅበርን ያስከብራል እንጂ አያሳፍርም።

ስለ ቢሮው እንዳልረሳ። ከአደጋው በኋላ መኪናዬ በአንድ ግቢ ውስጥ 43 ቀን ቆሟል፤ የባንኩ ክፍያ ግን አልቆመም። የአደጋው ፕላን ያለበት ፋይል «ገና አልመጣም» እየተባልሁ ሦስት ሳምንት ተመላለስሁ። ሠራተኛዋ ቀና ብላ አታየኝም፤ «ነገ» የምትለው ለወረቀቱ ይሁን ለእኔ አይታወቅም ነበር። በመጨረሻው ቀን የሻይ ፔርሙሷን ስታነሣ ከሥሩ አረንጓዴ ማኅደር አየሁ፤ የታርጋ ቁጥሬ በእስክሪብቶ ተጽፎበት፣ የፔርሙሱ ክብ እርጥበት አትሞበት። ጮኽሁ፤ እንደ ባለጌ ተቆጥሬ በዘበኛ ተሸኘሁ። ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እርሷ አይደለችም። ፖሊስ፣ ኢንሹራንስ፣ ባንክ፣ ያን ሁሉ ቢሮ ስዞር፣ «ሾፌሩን በቀን ስንት አስገባ ትለው ነበር?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። ቅጣቱ በልጁ መንጃ ፈቃድ ላይ ተመዘገበ፤ በእኔ ሊብሬ ላይ ግን ምንም አልተጻፈም።

ስለዚህ አራተኛ፣ የእናንተ አቤቱታ ከሌላው ሁሉ የሚለይበትን አንድ አንቀጽ ጨምሩበት፦ አንድ መኪና በተደጋጋሚ በፍጥነት ከተያዘ ባለንብረቱም ይጠየቅ፣ የስምሪት ፈቃዱም ይታይ። አባላቱ እንደሚቃወሙዎ አውቃለሁ። እኔን አንዱ «በገዛ እጅህ ገመድ ትገዛለህ» ብሎኛል። ነገር ግን ያን ጊዜ ብቻ ነው ገቢ ቆራጩም ፍሬን የሚይዘው። እኔ ከአደጋው ወዲህ ቁርጥ ገቢ ትቻለሁ፤ ሾፌሩ ደመወዝ አለው፣ ከዕለቱ ገቢ ደግሞ በመቶኛ ያገኛል፣ ከሦስት ቢያጆ በላይ መሥራት በውላችን ክልክል ነው። የመጀመሪያው ወር ከስሬያለሁ፣ አልዋሽም። በዓመቱ ግን በጎማ፣ በነዳጅና በቅጣት የቀረልኝን በደብተሬ ደምሬ ሳየው ከአራተኛዋ ቢያጆ በልጦ አገኘሁት፤ ዛሬ ሁለት መኪና አለኝ፣ ያ እግሩ የተሰበረው ልጅም ሁለተኛውን ይዟል። የፍጥነት መገደቢያ መሣሪያው ተገጥሞ ሲመጣ ጓደኞቹ ሽቦውን እንዴት እንደሚፈቱት ሲማከሩ፣ እርሱ «ለምን ብዬ?» አለ ሲባል ሰምቼ ኮርቻለሁ።

የመጀመሪያውን ሥራ ግን ዛሬ ማታ መጀመር ይችላሉ፦ ሾፌርዎ ገቢ ሊያስረክብ ሲመጣ ገንዘቡን ከመቁጠርዎ በፊት ስንት ቢያጆ እንደሠራና ምሳውን የት እንደበላ ይጠይቁት። አቤቱታውን ስታስገቡ ደግሞ በሁለት ቅጂ አድርጉት፤ በቀሪው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ሳታስመቱ ከመስኮቱ እንዳትነሡ፣ ፔርሙስ ካለም ከሥሩ ያለውን እዩ።