ከሩጫ በኋላ «አላሰኘኝም» ለምትሉ ልጆች

ስለ ጫማ ስትከራከሩ እሰማለሁ። ስለ ፍጥነትማ አይወራ! «ከሩጫ በኋላ ምን በላችሁ?» ስል ግን ዝም። ቆይቶ «ኧረ አላሰኘኝም» የሚል ይመጣል። ዕድሜዬን በሥነ ምግብ ሙያ ከሯጮች ጋር ስለሠራሁ ይቺ «አላሰኘኝም» ስንቱን ጎበዝ ከልምምድ እንዳስቀረች አውቃለሁ።

ጠንከር ያለ ሩጫ የምግብ ፍላጎትን ለጊዜው ይዘጋል። አልራበኝም ማለት ግን ሰውነቴ ምንም አልጎደለበትም ማለት አይደለም። ጡንቻና ጉበት ስኳርን ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያስቀምጣሉ፤ ረጅም ወይም ፈጣን ሩጫ ደግሞ ያንን ያራግፈዋል፣ ነገ እግራችሁ እንደ ድንጋይ የሚከብደው አንዱ በዚህ ነው። ስለዚህ መብላት ካቃታችሁ ጠጡት። ወተት ውስጥ ፕሮቲንም ስኳርም ውሃም ጨውም አለ። ለጡንቻ ጥገና በአንዴ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። አንድ እንቁላል 6 ግራም አካባቢ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ደግሞ 8 ግራም አካባቢ አለው። ሁለት እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት ካላችሁ ያንን ውድ የፕሮቲን ዱቄት ጣሳ የምትገዙበት ምክንያት አይታየኝም (ሻጮቹ ይቀየሙኝ)።

«በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልበላህ ልፋትህ ውሃ በላው» የሚባለው ተጋኗል። ጡንቻ ወዲያው ከሩጫ በኋላ ስኳርን ፈጥኖ መቀበሉ እውነት ነው፤ ቀጣዩ ልምምዳችሁ ነገ ከሆነ ግን ቀኑን በደንብ ከበላችሁ የጎደለው ይተካል። በቀን ሁለቴ ለሚሮጥ ነገሩ ሌላ ነው። እረፍቱ ከ8 ሰዓት ካነሰ፣ ለመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓታት በየሰዓቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ያስፈልገዋል። ለ60 ኪሎ ልጅ በሰዓት ሁለት ትልልቅ ሙዝ እንደማለት ነው። ሙዝ ከሰለቻችሁ ሩዝም ድንችም ዳቦም ያው ነው።

ውሃን በተመለከተ በግምት አትሂዱ፣ ሚዛን ይንገራችሁ። ከመውጣታችሁ በፊት ሽንት ቤት ገብታችሁ በቀላል ልብስ ተመዘኑ። ስትመለሱ ላባችሁን ጠርጋችሁ፣ በላብ የራሰውን ልብስ በተመሳሳይ ደረቅ ልብስ ቀይራችሁ እንደገና ሚዛኑ ላይ ውጡ። 1 ኪሎ ከጎደለ ከ1.25 እስከ 1.5 ሊትር ጠጡ። ከጎደለው የሚበልጠው ከጠጣችሁት ከፊሉ በሽንት ስለሚወጣ ነው። ባንዴ አትገልብጡት፣ በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ እያረፋችሁ ጠጡ። ጨው ያለው ምግብ አብሮ ከገባ ውሃው ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ካኒቴራው ሲደርቅ ነጭ መስመር የሚቀርበት ሰው በላቡ ብዙ ጨው ያወጣል፣ ለእሱ ይሄ ይበልጥ ይመለከተዋል።

ደግሞ ውሃ ጥሩ ነው ተብሎ አይጋትም። ከረጅም ሩጫ ክብደት ጨምራችሁ ከተመለሳችሁ ከሚገባው በላይ ጠጥታችኋል። ያኔ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም (ከጨው የሚገኘው ንጥረ ነገር) ይቀጥናል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መደናገር ከመጣ ተጨማሪ ውሃ ሳይሆን ሐኪም ቤት ነው የሚያስፈልገው፣ ያውም በፍጥነት። አደገኛ ነው።

ቢራ? ካልቀረ ከምግብና ከውሃ በኋላ ይሁን። አልኮል የጡንቻን ጥገና ያዘገያል፣ ብዙ ሲሆን ደግሞ ሽንት ያበዛል፣ እንቅልፍም ይረብሻል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ ሮጣችሁ የማትበሉ አላችሁ። ለሳምንት ሁለት ሳምንት ፍጥነታችሁ ሊጨምርም ይችላል፣ እሱ ነው የሚያታልላችሁ። ከዚያ ጉንፋኑ አይለቅም፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ የእግር አጥንት ስንጥቅ ይመጣል። እናንተ ሴቶች ልጆች፣ የወር አበባ ሲቀር «ጠንክሬ ስለሠራሁ ነው» አትበሉ። ብዙ ጊዜ ሰውነት ጉልበት አጥሮት የዘጋው ነገር ነው፣ አጥንትም አብሮ ይሳሳል። ወንዶችም አታመልጡም፤ ሆርሞናችሁ ይወርዳል፣ ድካሙም በእረፍት አልለቅ ይላል። እንዲህ ያለ ምልክት ካያችሁ ልምምዱን ቀንሳችሁ፣ የምትበሉትን ጨምራችሁ ሐኪም አማክሩ፤ ለአሠልጣኛችሁም አትደብቁ።