ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

የዕረፍት ሰሞን ሲቃረብ ስለ ጀልባ ኪራይ የሚጠይቁኝ ይበዛሉ። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ዋጋ ነው። እኔ ግን ከዋጋው በፊት ነጂውና የመነሻ ሰዓቱ ይቅደሙ ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቼና ከእናቴ ጋር ባሕር ዳር ልንሄድ ነው። የጣና ገዳማትን ለማየት ጀልባውን በሆቴሉ በኩል እንከራይ ወይስ ሐይቁ ዳር ወርደን? (ከአዳማ)

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድመው እዚያው ለሚኖር ሰው ደውለው የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ያጣሩ። የሚያስኬድ ከሆነ ሐይቁ ዳር ይውረዱ። በሆቴል በኩል ሲሆን ድካሙ ይቀላል፣ ነገር ግን የአገናኙ ድርሻ ዋጋው ላይ ይጨመራል፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ ጀልባውን የሚያዩት ሊሳፈሩ ሲሉ ነው። በዋዜማው አመሻሽ ላይ ሄደው ከደላላው ጋር ሳይሆን ከነጂው ጋር ይነጋገሩ። የት የት እንደሚያደርሳችሁ፣ በየደሴቱ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ፣ ቤንዚኑ በማን እንደሆነ፣ ሌላ ተሳፋሪ ይጨምር እንደሆነ ቁርጡን ይወቁ። የገዳማቱ መግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ ለብቻው ነው። ቀብድ ይስጡ፣ ቀሪውን ሲመለሱ ይክፈሉ።

ጀልባው ውስጥ ገብተው ወለሉን ይዩት። ውኃ ካቆረና ነጂው በቆርቆሮ እየጨለፈ ካወጣ ሌላ ይፈልጉ። ላይፍ ጃኬቱን አውጥቶ ያሳያችሁ፤ በሰው ልክ መኖሩን ቆጥረው፣ የልጆቹን ደግሞ አልብሰው መቆለፊያውን ጠቅ አድርገው ይሞክሩት። ለትልቅ ሰው የተሠራ ጃኬት ሕፃን ውኃ ውስጥ ሲገባ በራሱ ላይ ሾልኮ ይወጣል። ለእናትዎ ጥላ ያለው ጀልባ ይምረጡ።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሡ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የተንጣለለ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። እንዲህ ያለ ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል፣ ማዕበሉም አጫጭርና ተደራራቢ ነው። ነፋሱ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነውና እስከ ምሳ ሰዓት ተመልሳችሁ ብትገቡ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ሦስት ሴቶች ነን። ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም ይባላል፤ ነጂው ግን «ችግር የለም» ብሎናል። ማንን እንመን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሴት አይገባም። የእነ አፄ ፋሲለደስ አፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስም ሆነ ለባሕር ዳር ቅርብ የሆነው ክብራን ገብርኤል የወንድ ገዳማት ናቸው። ነጂው «ችግር የለም» ሲላችሁ ወደቡ ድረስ አደርሳችኋለሁ ማለቱ ነው። ረጅም መንገድ ከፍሎ ሄዶ ዳር ላይ ቁጭ ማለት ያሳዝናል፤ ይህን አውቆ የሚደብቅ ነጂ ሌላውንም ሊደብቅ ይችላልና እኔ ብሆን እሱን አልከራይም።

ለእናንተ የምመርጠው ወደ ሐይቁ የገባውን የዘጌን ባሕረ ገብ መሬት ነው። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከወደቡ በቡናው ጫካ መሀል ሽቅብ ሲወጡ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያገኛሉ፤ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። በጥድፊያ አይታይምና ቢያንስ አንድ ሰዓት ስጡት። አዝዋ ማርያምም እዚያው ናት። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት ደቅ ደሴት ላይ ያለችው ናርጋ ሥላሴም ሴቶችን ታስገባለች፤ ግን ሩቅ ናት፣ ሙሉ ቀን ያዙላት። ነጠላ አትርሱ፤ ጫማ ስለሚወለቅ ካልሲም ያዙ።

ጥያቄ፦ በደንገል ታንኳ ደሴቶቹ ጋ መድረስ ይቻላል? (ከጎንደር)

መልስ፦ የለመዱት ባለታንኳዎች ይሻገራሉ፤ እርስዎ አይሞክሩት። ደንገል ውኃ እየመጠጠ ይከብዳል፣ ለዚህ ነው ባለቤቶቹ ዳር አውጥተው የሚያደርቁት። ባለቤቱ እየቀዘፈ ዳር ዳሩን ትንሽ ቢያንሸራሽርዎ ይበቃል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ስላለ ወደዚያ በታንኳ አይጠጉ።

ጥያቄ፦ ነዋሪነታችን ጀርመን ነው። በነሐሴ ወደ ግሪክ ደሴቶች እንሄዳለን። ያለ መንጃ ፈቃድ ጀልባ ይከራያል የተባለው እውነት ነው? የትኛው ደሴት ይሻለናል? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ እውነት ነው። ግሪክ ውስጥ እስከ 30 የፈረስ ጉልበት ሞተር ያለውን ትንሽ ጀልባ አዋቂ ሰው ያለ ፈቃድ መከራየት ይችላል። ለጀማሪ ከኤጂያን ባሕር ይልቅ በምዕራብ ያለውን የአዮኒያን ባሕር እመርጣለሁ። ኤጂያን ላይ በሐምሌና በነሐሴ ሜልቴሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ለቀናት ሳያቋርጥ ሊነፍስ ይችላል። ከኮርፉ በስተደቡብ ያለችው ፓክሲ ትንሽና ለጀልባ የተመቸች ናት። ግን ከኮርፉ ተከራይታችሁ አትሻገሩ፤ በመንገደኛ መርከብ ሄዳችሁ እዚያው ጋዮስ ወደብ ላይ ተከራዩ። የምሥራቁ ዳርቻ መጠለያ ወሽመጥ አለው። የምዕራቡ ግን ገደልና ዋሻ ነው፤ ውበቱ ያማልላል፣ ነፋስ ሲነሣ ግን መሸሸጊያ የለውም። ወደዚያ የምትዞሩት ጠዋት፣ ያውም አከራዩ ከፈቀደ ብቻ ይሁን።

ቤንዚንና የመያዣ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ከኪራዩ ውጭ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት ጭረቱን ሁሉ ከነጂው መቀመጫ እስከ ሞተሩ ምላጭ ፎቶ አንሡ፤ ሲመለሱ የሚነሣውን ክርክር ያስቀራል። ከሞተሩ ጋር የተያያዘችውን ጥምዝምዝ ገመድ የሚነዳው ሰው እጁ ላይ ይሰራት፤ ድንገት ቢወድቅ ሞተሩን የምታጠፋው እሷ ናት። መልሕቅ ስትጥሉ ነጣ ያለውን አሸዋ ፈልጉ፣ የባሕር ሣሩን ግን አትንኩ። ገመዱም ቢያንስ የጥልቀቱን ሦስት እጥፍ ይለቀቅ።

ጥያቄ፦ ባቱ (ዝዋይ ሐይቅ) ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ ለደሴት ጉዞ ይሆናል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ደርሳችሁ ጀልባ ስትይዙ ፀሐዩም ነፋሱም ይከብዳል። ባቱ አድራችሁ በማለዳ ተሳፈሩ። የዘይ ማኅበረሰብ የሚኖርባትና የደብረ ጽዮን ገዳም ያለባት ቱሉ ጉዶ ራቅ ትላለች፤ አረጋዊ ወይም ሕፃን ከያዛችሁ ቅርብ ያሉትን ደሴቶች ምረጡ። ነጂው ውኃውን አይቶ «ዛሬ አይሆንም» ካለ ዋጋ ጨምራችሁ አታባብሉት። ስልኩን ያዙና በማግስቱ እሱኑ ፈልጉት።