አምስት ቡሎን ወይስ መሃል ላይ አንድ ዳዶ?

ሰላም ወንድሜ። ዱባይ ያለው ያጎትህ ልጅ ፖርሽ 718 ኬማን የሚባለውን የስፖርት መኪና ሊገዛ ነው፣ ምርጫውም ጂቲ 4 እና ጂቲ 4 አርኤስ ከሚባሉት ሁለት ዓይነቶች ነው ብለሃል። የጂቲ 4 ጎማ በአምስት ቡሎን ይታሰራል፣ የጂቲ 4 አርኤስ ግን መሃል ላይ ባለች አንድ ትልቅ ዳዶ። ትራክ (የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ) ላይ ለሚነዳ የቱ ይሻላል ነው ጥያቄህ። እኔ አሁን የምሠራው ሶማሌ ተራ ነው። ከዚያ በፊት ግን ዱባይ ጋራዥ ውስጥ ቆይቻለሁ። ዱባይ አውቶድሮም የሚባለው ትራክ ላይ ሊነዱ የሚሄዱ ደንበኞች ስለነበሩን ሁለቱንም ዓይነት ፈትቼ አስሬአለሁ።

በጎማ አስተሳሰሩ ብቻ የሚመርጥ ከሆነ አምስት ቡሎን ይውሰድ።

ባለ አንድ ዳዶው የመጣው ከውድድር ነው። ፎርሙላ ዋን ላይ አራት ጎማ በሁለት ሦስት ሰከንድ የሚቀየረው በሱ ነው። ለደስታው የሚነዳን ሰው ግን ጎማ ሲቀይር ማን ሰዓት ይይዝበታል?

ጣጣው ማሰሩ ላይ ነው። የአምስቱ ቡሎን እያንዳንዱ በ160 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) ይጠብቃል። የመሃሉ ዳዶ 600 ይፈልጋል። አንድ ሜትር በሆነ መፍቻ ጫፍ ላይ 60 ኪሎ ሰው ተንጠለጠለ በለው። ስለዚህ ትልቅ ቶርክ መፍቻ፣ ማለትም የምታጠብቅበትን ኃይል የሚለካ መፍቻ፣ እና የራሱ ቡሶላ የግድ ነው። አንድ ሰው ገብቶ ፍሬን ይረግጣል፣ ሌላው ይስባል። ጥርሱ ላይ ፋብሪካው ያዘዘው ቅባት ይቀባል። 600 ከደረሰ በኋላ ሩብ ዙር ይላላና እንደገና 600 ድረስ ይጠብቃል። ይቺን ብዙ ሰው ይዘላታል። በመጨረሻ ዳዶው እንዳይላላ የሚይዘው መሃል ያለው መቆለፊያ ወደ ቦታው ተመልሶ መውጣቱን በዓይን ማየት ነው። ካልወጣ መኪናው ትራክ አይገባም፣ አለቀ።

ከአምስቱ ቡሎን አንዱ ቢላላ አራቱ ለጊዜው ይይዙልሃል። ጎማውንም የትም ጎሚስታ ይፈታዋል። ብቻ ተክለሃይማኖት አካባቢ እንደለመድነው መፍቻው ላይ ቆሞ ማጥበቅ እዚህ አይሠራም። ላዳ ችሎት ኖሯል፤ ትራክ የሚገባ መኪና ግን ቡሎኑ ከመጠን በላይ ከተወጠረ ዋጋ የለውም። አንዱን ከዚያ ፊት ለፊቱ ያለውን እያልክ በቶርክ መፍቻ ነው። ከተነዳ በኋላም ሲቀዘቅዝ ደግሞ ማየት ያስፈልጋል። ትኩሱን አትንካው።

ከጥያቄህ ሥር አንድ ልጅ "አዳፕተር ገዝቶ ባለ አምስቱን ወደ ባለ አንድ ይቀይረው" ብሏል። በፍጹም! አዳፕተሩ፣ ማለትም በመኪናውና በቸርኬው መሃል የሚገባው መቀየሪያ፣ ራሱ የሚታሰረው በነዚያው አምስት ቡሎኖች ነው። አሁን ግን ከቸርኬው ጀርባ ተደብቀዋል፣ ቢላሉም አታይም። ክብደት ይጨምራል። ቸርኬው ለሱ ታስቦ ካልተሠራ ደግሞ ጎማውን ወደ ውጭ ይገፋና ኩሽኔታው ላይ ጫና ያበዛል። ለፎቶ ያምራል፣ እሱን አልክድም።

አዲስ አበባ ይዞት እንዲመጣ አስበህ ከሆነ እርሳው፤ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ተከልክሏል።

ግን ሁለቱ መኪኖች የሚለያዩት በጎማ ብቻ አይደለም። ጂቲ 4 420 የፈረስ ጉልበት አለው፣ አርኤሱ 500። ልቡ ያረፈው የአርኤሱ ሞተር ላይ ከሆነ ዳዶው አያስቀረው። መፍቻውንና ቡሶላውን ከመኪናው ጋር አብሮ ይግዛ፣ ፍሬን የሚረግጥለት ጓደኛም ይፈልግ።