ስፓኒሽ አጥንታ ምን ትሠራለች?

እህቴ፣ «ልጄ ኮሌጅ ስፓኒሽ ሜጀር አደርጋለሁ አለችኝ፤ ሥራ ይገኝበታል ወይ?» ላልሽው፣ እኔም ያጠናሁት እሱኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ በቤቱ ስፓኒሽ የሚያወራው ሰው ከ40 ሚሊዮን ይበልጣል። ሥራ አለ። ግን ለብቻው ብዙም አያራምድም፤ ከአካውንቲንግ ወይም ከማስተማር ጋር ደብል ሜጀር (ሁለት ዋና ትምህርት አንድ ላይ) ብታደርገው ይሻላል።

ትምህርቱ ሰዋስው ብቻ እንዳይመስልሽ። ከፍ ሲል ልብ ወለድ፣ ታሪክ፣ ፊልም ነው፤ ወረቀቱም በስፓኒሽ ይጻፋል። እኔን የገረመችኝ ኢኳቶሪያል ጊኒ ናት። እዚሁ አፍሪካችን ውስጥ ሆና፣ እስከ 1968 እ.ኤ.አ. በስፔን ተገዝታ፣ ዛሬም መንግሥቷ በስፓኒሽ ይሠራል።

አማርኛ የምትችል ከሆነማ ታግዛታለች። «ኤስፓኛ» (ስፔን) ላይ ያለችው «ኛ» የእኛዋ «ኛ» ናት። «አብሎ» ካልሽ «እናገራለሁ» ብለሻል፤ «እኔ» ማለት አያስፈልግም። አንተና እርስዎም አላቸው፦ «ቱ» እና «ኡስቴድ»። እኔን ያስለቀሰኝ «ሴር» እና «ኤስታር» ነው፤ ሁለቱም «መሆን» ናቸው! አንድ ቀን «ሰልችቶኛል» ልል ፈልጌ፣ በ«ኤስታር» ፋንታ «ሴር»ን ተጠቅሜ፣ ክፍሉ ፊት «አሰልቺ ሰው ነኝ» ብዬ ቁጭ።

ከቻለች አንድ ሴሚስተር ውጭ ትማር። ስኮላርሺፗ እዚያ ይሠራ እንደሆነ ግን ቀድማ ትጠይቅ።