ክሩዝ ልትይዙ ላሰባችሁ፣ ገና 21 ዓመት ላልሞላችሁ ልጆች

ልጆቼ፣ ትምህርት ሲዘጋ አራት አምስት ሆናችሁ ገንዘብ አዋጥታችሁ ከባልቲሞር ወይም ከማያሚ ተነሥቶ ባሃማስ ደርሶ የሚመለስ የመዝናኛ መርከብ (ክሩዝ) ለመያዝ ካሰባችሁ ጥሩ አስባችኋል። መኝታውም ምግቡም በአንድ ዋጋ ነው፤ ከሆቴል ጋር ሲተያይ አይከፋም። ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ግን ይህን ዕወቁ፦ 18 ዓመት መሙላት ብቻውን ካቢን (የመርከቡን መኝታ ክፍል) ለመያዝ አይበቃም።

ብዙዎቻችሁን የሚያናድደው ነገሩ የመንግሥት ሕግ አለመሆኑ ነው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች በ18 ዓመታችሁ ውል ትፈርማላችሁ፣ ቤት ትከራያላችሁ። አገር ቤትም ቢሆን 18 የሞላው ለአካለ መጠን የደረሰ ነው። መርከቡ ግን የግል ኩባንያ ነው፤ ዕድሜውን የሚወስነው ከቲኬቱ ጋር በሚመጣው ውል ነው። ያንን ውል ሳታነቡ "ተስማምቻለሁ" የሚለውን ተጭናችኋል። ተርሚናል ላይ፣ ማለትም መርከቡ የሚሳፈሩበት ጣቢያ፣ መታወቂያ ይዞ "አዋቂ ነኝ" ማለት ያኔ አይሠራም።

ሮያል ካሪቢያን የተባለውን የመርከብ ኩባንያ እንውሰድ። ከሰሜን አሜሪካ በሚነሡ ጉዞዎቹ ላይ በእያንዳንዱ ካቢን ውስጥ ቢያንስ አንድ 21 ዓመት የሞላው ሰው እንዲኖር ይጠይቃል። "በእያንዳንዱ" የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። በቡድኑ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው መኖሩ አይበቃም። አራት ጓደኛሞች ሆናችሁ ሁለታችሁ 22፣ ሁለታችሁ 20 ዓመት ቢሆናችሁ፣ ትልልቆቹ በአንዱ ትንንሾቹ በሌላው ካቢን ከተመዘገባችሁ ሁለተኛው ካቢን አያልፍም። አንድ ትልቅ ከአንድ ትንሽ ጋር ስትሆኑ ሁለቱም ያልፋሉ። ይህ ቀላል ይመስላል። ትልልቆቹ ሁለቱ ወንዶች፣ ትንንሾቹ ሁለቱ ሴቶች ከሆኑ ግን ሒሳቡ ይበላሻል፤ እናቶቻችሁ በዚህ ላይ የሚሉትን መገመት አያቅታችሁም። እንዲህ ሲሆን 21 የሞላት አንዲት እህት ወይም የአክስት ልጅ መጨመርና ሦስቱን ሴቶች በአንድ ካቢን ማድረግ ነው። ሦስት ሰው የሚይዝ ካቢን ቶሎ ስለሚያልቅ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።

"በወረቀት ላይ ተቀላቅለን እንመዝገብ፣ ከገባን በኋላ እንቀያየራለን" የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። የካቢኑ ቁልፍ ካርድ በስማችሁ ነው፤ ወጪያችሁም በእሱ ላይ ይመዘገባል። ከዚያ በላይ ግን፣ አደጋ ቢደርስ የምትሰበሰቡበት ቦታ የሚሰጣችሁ በተመዘገባችሁበት ካቢን ነው። ስም ሲጠራ የምትፈለጉት እዚያ ነው።

ሌላው ኩባንያ ካርኒቫል ደግሞ ጠበቅ ይላል። ከ21 ዓመት በታች የሆነ መንገደኛ 25 ዓመት የሞላው ዘመድ ወይም አሳዳጊ አብሮት እንዲጓዝ ይፈልጋል። የ22 ዓመት እህት ለራሷ ካቢን መያዝ ትችላለች፤ የ20 ዓመት ወንድሟን ግን በእሷ ኃላፊነት ይዛ መግባት አትችልም። በብዛት የሚያጋጥመው ስሕተት ይኸው ነው፦ የአንዱን ኩባንያ ደንብ አንብቦ ከሌላው መግዛት። ሁለቱም ከአንድ ወደብ ስለሚነሡና ዋጋቸው ስለሚቀራረብ ሰው ደንባቸውም አንድ ይመስለዋል።

ከደንቡ ነጻ የሚወጡ አሉ። ባልና ሚስት የጋብቻ የምስክር ወረቀት ካሳዩ፣ በሥራ ላይ ያሉ የአሜሪካ ወታደሮችም የወታደር መታወቂያቸውን ካሳዩ ይፈቀድላቸዋል። ወላጆች ደግሞ ልጆቻቸውን አጠገባቸው ባለ ካቢን ማስተኛት ይችላሉ። እዚህ ላይ የእኛ ሰው የሚቸገርበት ነገር አለ። ፈረንጅ ባልና ሚስትን በመጨረሻ ስማቸው ይለያል፤ የእኛ ሴት ግን ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። የልጅ መጨረሻ ስም የአባቱ ስም፣ የአባትየው ደግሞ የአያት ስም ስለሆነ አባትና ልጅ እንኳ በፓስፖርት አይመሳሰሉም። አጎትና የእህት ልጅማ ጭራሽ። ስለዚህ ዝምድናው የሚጠየቅ ከሆነ የልደት ወይም የጋብቻ የምስክር ወረቀቱን ከተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር በእጅ ሻንጣ ያዙ። ትልቁን ሻንጣ በር ላይ ይወስዱባችኋል፤ ወረቀቱ እዚያ ውስጥ ከሆነ የለም ማለት ነው።

ዕድሜያችሁ የሚቆጠረው መርከቡ በሚነሣበት ቀን ነው፤ በከፈላችሁበት ወይም በምትመለሱበት ቀን አይደለም። ሁለተኛው ቀን ላይ ባሕር መሐል 21 የሚሞላው ልጅ ለኩባንያው ገና 20 ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የምታስሉ ደግሞ ተጠንቀቁ። መስከረም 1 ቀን 1998 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2005 ነው። መስከረም 1 ቀን 1996 ግን ከፊቱ ጳጉሜን 6 ስለነበረች ሴፕቴምበር 12 ቀን 2003 ላይ ይውላል። ቤት ውስጥ የሚከበረው ልደትና ፓስፖርት ላይ ያለው በአንድ ቀን ሲለያዩ የሚታየው ፓስፖርቱ ነው። ስትመዘግቡም ያንኑ ጻፉ። የመንገደኛው ዝርዝር ለአሜሪካ ጉምሩክና ድንበር ጥበቃ ስለሚላክ ዓመት ጨምሮ መጻፍ ቢበዛ እስከ ተርሚናሉ በር ነው የሚያደርሳችሁ። እዚያ የተመለሰ ሰው ገንዘቡ አይመለስለትም።

ደንቡ ከየት መጣ ብትሉ፣ ዋናው መጠጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1984ቱ ሕግ ወዲህ የመጠጥ ዕድሜ በየግዛቱ 21 ሆኗል፤ ኩባንያዎቹም በፀደይ የትምህርት ዕረፍት (ስፕሪንግ ብሬክ) የሚመጡ የተማሪ ቡድኖችን ያለ ኃላፊ ማስተናገድ አይፈልጉም። ፍትሐዊ ነው ብዬ አልሟገትም። በእነዚሁ መርከቦች ላይ፣ በካሪቢያን ጉዞ፣ የ18 ዓመት ልጅ ካሲኖ ገብቶ ገንዘቡን መበላት ይችላል፤ አንድ ቢራ ማዘዝ ግን አይችልም።

አውሮፓ ላላችሁ ነገሩ ይቀላል። ሮያል ካሪቢያንም ሆነ ኤምኤስሲ የተባለው ሌላ የመርከብ ኩባንያ ከባርሴሎና ወይም ከሳውዝሃምፕተን ሲነሡ 18 ዓመት ይበቃቸዋል። በሼንገን ቪዛ የምትጓዙ ከሆነ ግን መርከቡ ቱርክ ደርሶ ግሪክ ሲመለስ እንደ አዲስ መግባት ስለሆነ ቪዛው ብዙ መግቢያ ያለው ይሁን።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ፣ መርከቡ ከተነሣበት ወደብ ቢመለስም ከአገር ወጥታችኋል። የጥገኝነት ጥያቄያችሁ ገና ያልተወሰነላችሁ፣ አስቀድሞ የሚሰጠው የመውጫና የመመለሻ ፈቃድ ሳይኖራችሁ ከሄዳችሁ ጥያቄውን እንደተዋችሁት ይቆጠራል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ካላችሁ መርከቡ ይቅርባችሁ። ተማሪዎች አይ-20 (ትምህርት ቤቱ ለውጭ አገር ተማሪ የሚሰጠው ወረቀት) ላይ የትምህርት ቤቱ የጉዞ ፊርማ ከአንድ ዓመት እንዳላለፈው እዩ። ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ሁለቱንም ያዙ፤ መርከቡ የሚቆምባቸው ደሴቶች ቪዛ ይጠይቁ እንደሆነም በየስማቸው አጣሩ።

አሁን ወደ ክፍያው። ርካሹ ዋጋ ብዙ ጊዜ ዲፖዚቱ (ቀብዱ) የማይመለስ ነው፤ ቀሪው ደግሞ እንደ ጉዞው ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ መርከቡ ከመነሣቱ ከ75 እስከ 90 ቀን ቀድሞ ተከፍሎ ማለቅ አለበት። በዚህ መሐል የካቢኑ ትልቅ ሰው ሥራ አልፈቀደለትም ወይም ታመመ እንበል። የቀረው የ20 ዓመት ልጅ ብቻውን መሄድ አይችልም። ስለዚህ ከመጀመሪያው 21 የሞላው ተተኪ አስቡ፤ ስም መቀየር እስከ መቼ እንደሚቻል፣ የጉዞ ዋስትናውም እንዲህ ያለውን ይሸፍን እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ለኤጀንቱ ወይም ለኩባንያው የሁላችሁንም ስምና የልደት ቀን፣ መርከቡ የሚነሣበትን ቀን፣ ማን ከማን ጋር በየትኛው ካቢን እንደሚሆን በኢሜይል ላኩ። "ይህ አቀማመጥ በዕድሜ ደንባችሁ ያልፋል ወይ?" ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በስልክ የተባለ ተርሚናል ላይ አይጠቅማችሁም። ማረጋገጫው ሲመጣ ካቢን በካቢን፣ ልደት በልደት ከፓስፖርቱ ጋር አመሳክሩ፤ የማያሚውን የአውሮፕላን ቲኬት ከዚያ በኋላ ግዙ።