ስለ ላንጌና ሞንፌራቶ ኮረብታዎች፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

በሰሜን ምዕራብ ኢጣሊያ፣ ከቶሪኖ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ሲወጣ፣ ላንጌ፣ ሮኤሮና ሞንፌራቶ የሚባሉ ኮረብታማ አገሮች አሉ። ዓይን እስከሚያይ ድረስ ወይን ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። እኔ የምኖረው ቶሪኖ ነው። ወይን ሲለቀም እዚያ ሳልሄድ የቀረሁበት ዓመት ጥቂት ነው። ልትጎበኙ ያሰባችሁ ብዙ ጠይቃችሁኛል፤ እነሆ መልሴ። («ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።)

ጥያቄ፦ ኦክቶበር ላይ አምስት ቀን አለኝ። ቬኒስን፣ ፍሎረንስንና ላንጌን ባዳርስስ?

ይቅርብህ ወንድሜ። ላንጌ በሩጫ የሚታይ አገር አይደለም። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ከአንዱ መንደር ቁጭ ብለህ ሌላውን ታየዋለህ፣ ለመድረስ ግን ወርደህ እንደገና መውጣት አለብህ። ቢያንስ ሦስት ሌሊት አልባ ከተማ እደር። አንዱን ቀን ለባሮሎ፣ ለላ ሞራና ለሴራሉንጋ ዳልባ መንደሮች ስጠው። ላ ሞራ አናት ላይ ያለው አደባባይ ጠዋት ጭጋጉ ሳይነሳ ያምራል። ኔቢዮሎ የሚባለው የወይን ዘር ስሙን ያገኘው ከዚህ ጭጋግ ነው የሚሉ አሉ፤ ጭጋግ በጣልያንኛ ኔቢያ ነው። ጊዜ ከተረፈህ ግሪንዛኔ ካቩር ቤተ መንግሥት ግባ። በ1861 የተዋሐደችው ኢጣሊያ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ካቩር፣ በወጣትነቱ የዚህች ትንሽ መንደር ከንቲባ ነበር።

ጥያቄ፦ መኪና የለኝም። ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ይከብዳል። ከቶሪኖ አልባ በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ነው። ከአልባ ወደ መንደሮቹ አውቶቡስ አለ፤ በቀን ጥቂት ነው፣ እሁድማ ይብሳል። የምትነዱ ከሆነ ደግሞ አደራ፣ ወይን ቀምሳችሁ አትንዱ። ሕጉ በሊትር ደም ከ0.5 ግራም አልኮል በላይ አይፈቅድም፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሦስት ዓመት ላልሞላው ጭራሽ ዜሮ ነው። ቀምሶ መትፋት እዚያ ነውር አይደለም። መትፊያውን ራሳቸው ያቀርቡላችኋል።

ጥያቄ፦ እዚያም ጥሬ ሥጋ ይበላል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ እኔም መጀመሪያ ሳየው አገሬ የገባሁ ነው የመሰለኝ። ካርኔ ክሩዳ ይሉታል። ፋሶና ከሚባለው የፒየሞንቴ (የዚህ ክፍለ ሀገር) ከብት የጥጃ ሥጋ ይመጣል። ደኅና ቤት ከሆነ በማሽን አይፈጭም፣ በቢላ ነው የሚከተፈው። ጨው፣ የወይራ ዘይት፣ አንዳንዴ ሎሚ። በቃ። ቅቤ የለው፣ ሚጥሚጣ የለው፣ ኮሰረት የለው። ክትፎ ለለመደ አፍ መጀመሪያ ባዶ ይመስላል። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ግን የሥጋው ጣዕም ራሱ ብቅ ይላል፤ ለስላሳ፣ ትንሽ ጣፈጥ የሚል። ሚጥሚጣ በቦርሳችሁ ይዛችሁ ከሆነ ቢያንስ የመጀመሪያውን ሳህን ሳትነሰንሱበት ቅመሱት። አስተናጋጁን ስለ ቁርጥና ክትፎ ብትነግሩት ወንበር ስቦ ሊቀመጥ ይችላል። የሚያግባባ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ነጩ ትራፍል ለዚያ ሁሉ ገንዘብ ይገባዋል?

አንዴ መቅመስ አለባችሁ እላለሁ። ከዛፍ ሥር፣ መሬት ውስጥ የሚበቅል እንጉዳይ ነው። እንደ ድንች ዘርታችሁ የምትለቅሙት አይደለም። ፈላጊው ውሻውን ይዞ ብዙ ጊዜ ሌሊት ይወጣል፤ ውሻው ያሸታል፣ ሰውዬው በጥንቃቄ ይቆፍራል። ይህ ዕውቀት በ2021 ከማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር ተመዝግቧል። አልባ ላይ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር መጀመሪያ የትራፍል ባዛር አለ።

አይበስልም። ታያሪን በሚባል፣ በእንቁላል አስኳል በተቦካ ቀጭን ፓስታ ወይም በተጠበሰ እንቁላል ላይ በስሱ ይላጣል። የሚሸጠው በግራም ነው፣ ዋጋው እንደ ዝናቡና እንደ ወቅቱ ይለያያል። ስለዚህ ከመላጡ በፊት የግራሙን ዋጋ ጠይቁ፣ ሲመዘንም እዩ። እኔ አንድ ጊዜ አፍሬ ሳልጠይቅ ቀርቼ ሒሳቡ ሲመጣ ደንግጫለሁ። መጠየቅ አያሳፍርም፤ የአገሩም ሰው ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው ያለሁት። ሙስሊም ነኝ፣ አልጠጣም። የወይን አገር ሄጄ ምን አደርጋለሁ?

ብዙ ነገር አለሽ እህቴ። ግን ምግቡ ላይ ተጠንቀቂ። ብራሳቶ የሚሉት ሥጋ በወይን ጠጅ የሚቀቀል ነው። ቦኔት የሚባለው የቸኮሌት ጣፋጭ ብዙ ጊዜ ሩም የሚባለው መጠጥ ይገባበታል። አኞሎቲ ዴል ፕሊን የምትባለው ትንሽ የተሞላች ፓስታ ደግሞ ውስጧ የጥጃ፣ የአሳማና የጥንቸል ሥጋ ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። የሥጋው ነገር ለኦርቶዶክሶችም ይሠራል። «ሴንዛ አልኮል፣ ሴንዛ ማያሌ» በይ፤ አልኮልና አሳማ የሌለበት ማለት ነው።

ያንቺ ነገር ኖቾላ ነው። ሃዘልነት የምንለው። የላንጌ ኖቾላ በኢጣሊያ ስመ ጥር ነው። ፌሬሮ የሚባለው የቸኮሌት ኩባንያ የተመሠረተው እዚሁ አልባ ነው፣ በ1946። ከጦርነቱ በኋላ ካካዎ ብርቅ ስለነበር ኖቾላ እየቀላቀሉ አብቃቁት፤ ዳቦ ላይ የምትቀባው ኑቴላ በ1964 የመጣችው ከዚያ ነው። የኖቾላ ኬክ ከቡና ጋር ቅመሺ።

ጥያቄ፦ በጾም ብሄድስ?

ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ከዚያ በፊት ብትሄዱ ይሻላል። ረቡዕና ዓርብ ላይ ከጣላችሁ ወይም በጾም ከሄዳችሁ ኒዛ ሞንፌራቶ ላይ ቤለካውዳ ፈልጉ። የሽምብራ ዱቄት በውኃና በዘይት ተበጥብጦ በትልቅ መጥበሻ፣ ምድጃ ውስጥ የሚጋገር ነው። ሽሮ የሚወድ ሰው አይከፋበትም። አትክልት እየተነከረ የሚበላው ባኛ ካውዳ ግን አንቾቪ የሚባል ትንሽ ዓሣ አለበት፣ ቅቤ የሚጨምሩም አሉ።

ሌላ ምክር፦ ወጥ ቤት ከምሳ በኋላ ይዘጋል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምሳ ፍለጋ ብትወጡ ባዶ ሆዳችሁን ትመለሳላችሁ።

ጥያቄ፦ ቅርስ የተባለው ምኑ ነው? ወይኑ?

ሰው በብዙ መቶ ዓመት ድካም የሠራው መልክዓ ምድር ነው፤ እርሻው፣ መንደሩ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ጓዳው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከመሬት በታች ያለው ነው። ሞንፌራቶ ውስጥ ኢንፌርኖት የሚባሉ ክፍሎች አሉ። ገበሬዎች በብርዱ ወራት ሥራ ሲቀዘቅዝ ከቤታቸው ሥር ለስላሳውን አለት በእጅ እየፈለፈሉ የወይን ጠርሙስ ማስቀመጫ ሠሩ። መደርደሪያው፣ ጠረጴዛው፣ መቀመጫው ሳይቀር ከአንዱ አለት የወጣ ነው። ላሊበላን ያየ ሰው ይህን አሠራር ወዲያው ያውቀዋል። መጠኑና ዓላማው አይገናኝም፤ እጁ ግን ይመሳሰላል፤ አይገነባም፣ ይቀንሳል። አለቱ ዱሮ የባሕር ወለል ስለነበር ግድግዳው ላይ የዛጎል ቅሪት ይታያል። ቼላ ሞንቴ መንደር ሂዱ። ብዙዎቹ የሰው ቤት ውስጥ ስለሆኑ ቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ።

ጥያቄ፦ አባቴ «ሞንፌራቶ የባዶሊዮ አገር አይደለም ወይ? ምን ልትሠራ ነው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

አባትህ ልክ ናቸው። ፒየትሮ ባዶሊዮ በ1871 የተወለደው ግራዛኖ ሞንፌራቶ በምትባል መንደር ነው። የወራሪውን ጦር መርቶ በወገኖቻችን ላይ የመርዝ ጋዝ ያዘነበው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው እሱ ነው። «የአዲስ አበባ መስፍን» የሚል ማዕረግም ተሰጠው። በ1939 የመንደሯ ስም ተቀይሮ ግራዛኖ ባዶሊዮ ተባለ። ዛሬም ስሟ ያው ነው። ኢትዮጵያ በጦር ወንጀለኝነት ብትፈልገውም ችሎት ሳይቆም በ1956 እዚያው ሞተ።

የመንገድ ምልክቱን መጀመሪያ ሳየው መኪናዬን ዳር አቁሜ ብዙ ተቀመጥኩ። ወይኑ ያው ነው፣ ኮረብታው ያው ነው። ግን ማንበብ አቃተኝ።

በኋላ ከሰዎቹ ጋር አንስቼዋለሁ። ካነጋገርኳቸው ብዙዎቹ የሚያውቁት በ1943 ከሙሶሊኒ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነውን ባዶሊዮ ነው። ማይጨውንና ጋዙን ስነግራቸው ዝም ብለው ሰምተውኛል። አንድ ሽማግሌ ወይን ገበሬ ስለ አልባ የነገሩኝ ያን ቀን ነው። አልባን ፓርቲጃኖዎች በ1944 ከፋሺስቶች ነጥቀው ከኦክቶበር 10 እስከ ኖቬምበር 2፣ ለ23 ቀን ይዘዋታል። እኛ አርበኛ የምንለውን እነሱ ፓርቲጃኖ ይላሉ። ለአባትህ ሁለቱንም ንገራቸው። እዚያ ስትደርስም የኛን ታሪክ ንገር። ብዙ ሰው ሰምቶት አያውቅም።

ጥያቄ፦ ባሮሎና ባርባሬስኮ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሁለቱም ቀይ ወይን ጠጅ ናቸው፤ ዘሩ አንድ ነው፣ ኔቢዮሎ። ባሮሎ ቢያንስ 38 ወር ይቆያል፣ ከዚያ ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል። ባርባሬስኮ 26 ወር፣ 9ኙን በእንጨት። ሁለቱም አፍ ያደርቃሉ፤ ከምግብ ጋር ናቸው። ጠጅ ለለመደ ሰው ስጦታ ከሆነ ግን ሞስካቶ ዳስቲ ግዙ። ጣፋጭ ነው፣ አልኮሉም 5 በመቶ ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴን ይዤ ነው የምሄደው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ለእሳቸው የሚሆን ቦታ አለ?

ክሬያ ውሰጃቸው። ሞንፌራቶ ውስጥ፣ ሴራሉንጋ ዲ ክሬያ ያለ ቅዱስ ተራራ ነው፤ እሱም ከሌሎች ቅዱሳን ተራሮች ጋር በ2003 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መኪና ይገባል። ከዚያ በላይ ጫካው ውስጥ 23 ትንንሽ ቤተ ጸሎቶች አሉ፣ በውስጣቸው የእመቤታችንን ታሪክ የሚያሳዩ ሐውልቶች። መንገዱ ዳገት ስለሆነ ሁሉንም እንዲወጡ አታስገድጃቸው። ታች ካለው ደጃፍ ተቀምጠው ይጸልዩ፤ አንቺ ውጪና ፎቶ አምጪላቸው። አናት ላይ ያለችው የመጨረሻዋ ቤተ ጸሎት ገነት ትባላለች።