ተገጣጥሞ የሚሸጥ የጌም ኮምፒውተር ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ለጌም የሚሆን ዴስክቶፕ ልገዛ ነው። ተገጣጥሞ ያለቀለት አግኝቻለሁ፤ ጓደኞቼ ግን «ዕቃውን ለየብቻ ገዝተህ ራስህ ገጣጥመው» ይሉኛል። ዋጋው የሚገባው መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ መጀመሪያ የእያንዳንዱን ዕቃ ሙሉ ስምና ሞዴል ከሻጩ ይጠይቁ፤ ከዚያ ዊንዶውስን ጨምረው ነጠላ ዋጋቸውን ይደምሩ። ልዩነቱ እስከ 10 ወይም 15 በመቶ ከሆነ የመገጣጠሚያና የዋስትና ነውና አይቆጭም። ከዚያ በብዙ ካለፈ ግን ቢተዉት ይሻላል።

ሻጮች ግራፊክስ ካርዱንና ፕሮሰሰሩን በትልቁ ይጽፋሉ፤ ጉድለቱ የሚደበቀው ሌላ ቦታ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ «600 ዋት» ብቻ ተብሎ አምራቹ ካልተጠቀሰ ይጠርጥሩ። 16 ጊጋባይቱ ራም አንድ ቁራጭ ብቻ ከሆነ በአንድ ቻናል (የመረጃ መስመር) ስለሚሠራ አንዳንድ ጌሞች ይቆራረጣሉ፤ ሁለት ባለ 8 ይሻላል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ነው። አንዳንድ አምራቾች የራሳቸውን ልዩ ቅርጽና ሶኬት ስለሚጠቀሙ፣ ፓወር ሰፕላዩ የተቃጠለ ቀን ገበያ ላይ ያለው፣ ኤቲኤክስ የሚባለው መደበኛ ዓይነት አይገጥምለትም። ይህን ሳይጠይቁ አይክፈሉ።

ሲረከቡ፣ ገና ሳያበሩት፣ የጎን ክዳኑን ይክፈቱ፤ ለጉዞ የገባ ስፖንጅ ካለ ያውጡ፣ ካርዱ ከቦታው አለመላቀቁንም ይዩ። የስክሪኑን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ይሰኩ። ከዚያ ታስክ ማናጀር ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ይክፈቱ፦ ፍጥነቱ 6000 ተብሎ የተሸጠ ራም 4800 ካሳየ፣ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ገብተው ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያሠራውን ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚለውን ያብሩ።